ለረጅሙ ሙሽራ የተሰፋ ብርድ ልብስ

ራውሻን ከመድረኩ ጀርባ ትንቆራጠጣለች። እንደ ክራር የሚመታውን የዶምብራዋን ሁለት ክር ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ መልሳ ታጠብቃለች።

ምን ታድርግ! በካዛኮች የግጥም ፍልሚያ ወንዱና ሴቲቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዶምብራ እየመቱ እዚያው በፈጠሩት ግጥም ይሞላለጫሉ፤ መልስ ያጣ ተሸነፈ። ሴቲቱ ካላገባች ደግሞ ወንዱ ነገር የሚፈልጋት በዚያው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት "የሠርግሽን ሥጋ መቼ ነው የምንበላው?" ስትባል ደነገጠችና፣ "እጮኛዬ አብራሪ ነው፣ ከበር መቃን የሚረዝም" ብላ አዳራሹን አሳቀችው። ያመለጠች መስሏት! ዶምብራ ተይዞ የተባለ ነገር እዚያ አገር እንደ መሐላ ነው። በዓመቱ "አብራሪሽስ?" አሏት፤ ጨመረችበት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሷ ግን እያደር ከበደ። እናቷ ቢቢጉል አምነው ለሙሽሮቹ ብርድ ልብስ መስፋት ጀምረዋላ!

አብራሪው ማን ነው? ቃምሻት ናት፣ አልማቲ ውስጥ አብራት የምትኖረው። አውሮፕላን ቀርቶ ብስክሌት አትነዳም፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ትቃኛለች። ራውሻን እንደምትወዳት ለራሷ ለማመን አንድ ክረምት ፈጀባት፣ ለቃምሻት ለመንገር ሌላ ክረምት። ለእናቷ የመንገሪያው ክረምት ግን አልመጣ አለ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ቃምሻት ሻይ እየቀዳች፣ "ስሜን ጥሪ አልልሽም" አለቻት። "ግን ያንን ሰውዬ ዛሬም ካበረርሽው፣ ስትመለሺ ቤት አታገኚኝም።"

ራውሻን መድረክ ላይ ወጣች። ቢቢጉል ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ዘንድሮ አማቼን ሳላይ አልመለስም ብለው ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ታቅፈውታል። ቃምሻት በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

ተፋላሚዋ ሴሪክቦል ጀመረ። "ኧረ ሰውዬው ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማይ ላይ! ነዳጁ አያልቅም እንዴ?" ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የራውሻን ጣቶች ክሩ ላይ ሮጡ፣ ደነቃቀፉ፣ እንደገና ሮጡ። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠችው።

"ሰማይ ላይ ያለ ሰው፣ አብራሪም የለኝም፤
ሦስት ዓመት ዋሽቼ፣ ዛሬስ አልደግመውም።
ሻዬን የምትቀዳ፣ አብራኝ ያለች እቤት፣
ልቤ የወደዳት፣ እማዬ፣ ሴት ናት፣ ሴት።"

ከኋላ አንዱ "ነውር!" ብሎ ጮኸ። ሴሪክቦል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ መልስ አጣ። እንደ ደንቡ ራውሻን አሸነፈች፣ ያጨበጨበላት ግን አልነበረም።

ቢቢጉል ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። ቃምሻት መጥታ ከራውሻን ጎን ቆመች። አሮጊቷ ቃምሻትን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ አጭር ናትና ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ከበር መቃን የምትረዝመው ይቺ ናት?"

"እማ…"

"ዝም በይ! ረጅም ነው ብለሽ ብርድ ልብሱ ላይ ሁለት ክንድ ቀጠልኩበት እኮ! ዓይኔ እስኪጠፋ!" እንባቸው ወረደ። "አሁን ዓይንሽን ማየት አልችልም።"

ጥቅሉን ቃምሻት እጅ ላይ ጣሉትና ሄዱ። ራውሻን ልትከተላቸው አልደፈረችም። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን፣ ዞር ሳይሉ፣ ድምፃቸው ተሰማ።

"ትርፉን በእግራችሁ በኩል እጠፉት። እንዳትቆርጡት።"