የማይዘጋው ማዕዘን

ኮምፒውተሩ ቀለም አልቀበልም ያለው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው።

እማማ ማናለብሽ ከልጅ ልጃቸው ከእህተማርያም ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው እያዩ ነበር። እህተማርያም ባሕር ዳር የንድፍ ሥራ ተምራ ከመጣች ወዲህ እንጅባራ ከተማ ውስጥ የሰው ቤት ፕላን ትሠራለች። ዛሬ ግን የያዘችው የራሳቸውን ግቢ ነው። ማዘጋጃው ነባር ይዞታ ያለው ሁሉ የግቢውን ንድፍ ይዞ እስከ ማክሰኞ ይቅረብ ብሏል። ንድፉ ከገባ ካርታ ይወጣል፤ ካርታው ከወጣ በእህተማርያም ስም ሁለት ክፍል ቤት ይሠራል። እማማ ማናለብሽ ዓይናቸው ሳይከደን ሊያዩት የሚመኙት ይህንኑ ነው። ልጅቷ እናቷን በጡት ሳለች ያጣች ናት። እሳቸው ሲያልፉ «ውጪ ከዚህ» የሚላት ሰው እንዳይመጣባት ይፈራሉ።

«ምን ሆነብሽ?»

«ቀለሙ አልሞላ አለኝ፣ እማማ። ግቢው በአራቱም በኩል ሲገጥም ውስጡ ቀለም ይሞላል፤ ስፋቱንም ራሱ አስልቶ ይነግረኛል። አሁን ግን አልተዘጋም እያለኝ ነው።»

«አልተዘጋም? ይኸን የሚያህል አጥር እያለን?»

«አጥሩን አይደለም፤ መስመሩን ነው የሚለኝ።»

ልጅቷ አልተረበሸችም። ሜትሩ በስሕተት በሴንቲ ሜትር ገብቶ እንደሆነ አየች፤ አልገባም። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ እንደሆነ እየነካካች ፈለገች፤ አልተደረበም። ፕሮግራሙን ዘግታ መልሳ ከፈተችው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እያጎላች ትመረምር ጀመር። ሦስቱ ጥርስና ጥርስ ሆነው ገጥመዋል። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚች ጋ ነው። የምሥራቁ መስመር አጠረ። አንድ ሜትር ተኩል ይጎድለዋል።»

ምሥራቅ ማለት የሽታዬ አጥር ነው።

እማማ ማናለብሽ ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። ሽታዬ የሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው፣ የእህተማርያምም የክርስትና እናት ናት። ባለፈው ክረምት ግን፣ እሳቸው ለለቅሶ ዳንግላ ሄደው በሰነበቱ ጊዜ፣ የበሰበሰውን አጥር ነቅላ በአዲስ ቀርከሃ አሳጥራ ጠበቀቻቸው። ያኔም አጥሩ ወደ እሳቸው የተገፋ መስሏቸው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ተዉት እንጂ።

«ልጎትተው እችላለሁ» አለች እህተማርያም። «እዚህ ነክቼ ወደ ማዕዘኑ ብስበው ይገጥማል፣ ቀለሙም ይሞላል። ግን አስተማሪያችን ‹አልገጥም ሲላችሁ መስመሩን አትጎትቱ፤ መሬቱን ጠይቁ› ይለን ነበር።»

«በጣት ይጎተታል?» ደነገጡ። «እንግዲያ ማዘጋጃ ቤት የተቀመጠውስ ወደ ሌላ ቢጎትተው በምን ልናውቅ ነው?»

«ኧረ በሥላሴ፣ እማማ! ማንን ነው የማይጠረጥሩት?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።»

«ይልቅ ልኬቱን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። አልተሳሳቱም?»

«እኔ? ከአብዱልሀፊዝ ሱቅ ሜትር የተዋስኩት ለምን ሆነና? በሽታዬ በኩል ያለውን በብረቱ ሜትር፣ ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት። ሃያ አንድ ሜትር፤ ሴንቲ አልሳትኩም።»

የቀሩትን ሦስት ጎኖች በምን እንደለኩ አልተናገሩም። በአንዱ በኩል መንገድ ነው፣ በአንዱ የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በአንዱ ገደል፤ ማን ይነካብኛል ብለው በሟች ባላቸው በኪዳኑ ዘንግ ነበር የለኩት። ኪዳኑ የሰፈሩን ግቢ ሁሉ ያካለሉበት ስድስት ክንድ ቀርከሃ ነው፤ ልክ ሦስት ሜትር። በምዕራብ ሰባት ዘንግ ተኩል ሆነላቸው። ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ሴት ናቸውና በደብተር ላይ በሦስት አባዝተው ሃያ ሁለት ሜትር ተኩል ብለው ጻፉ። ልጅቷ ዘንጉን ብትሰማ ትስቅብኛለች ብለው ተዉት።

ያን ዕለት፣ ኔትወርኩ ሦስቴ ከተቆረጠባቸው በኋላ፣ ለሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ ለአያ ወገኔ ደወሉ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ በል። የአጥር ነገር አለብኝ። አዎ፣ በሽታዬ በኩል።»

እህተማርያም ከላፕቶፑ ቀና አለች። «የክርስትና እናቴን ነው እኮ!»

«የክርስትና እናት መሬት አትገፋም ያለው የትኛው መጽሐፍ ነው?»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ነገሩን በዓይናቸው ሊያጣሩ ወደ ሽታዬ ግቢ ሄዱ። ሰበብ አያጡም፤ ጨው ልበደር ብለው ነው። ሽታዬ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ለገበያ የሚሄደውን ድንች ከደቃቁ ትለያለች። እማማ ማናለብሽ ግን ዓይናቸው አጥሩ ሥር፣ ከንፈራቸው እርምጃ ቆጠራ ላይ ነበር።

«እንዴት አደርሽ እትዬ? ምነው አጥሬን በዓይንሽ ጨረስሽው?»

«አምሮ አይቼው ነው።»

«ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ዛሬ ገና አማረሽ?»

«የአጥሩ ጉድጓድ… የድሮው ነው?»

ሽታዬ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። «የድሮው ነው። ምን ልትዪ ፈለግሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ። ኮምፒውተሩ ነው አንድ ሜትር ተኩል ጎደለ ያለው።»

«ኮምፒውተሩ!» ሽታዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አላለፈም። «ኮምፒውተሩ መቼ ከኔ ጋር ጎረቤት ሆኖ ያውቃል? የአያ ወገኔ ሚስት ትናንትናውኑ ነግራኛለች። እኔስ ትመጣለች፣ በአፏ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ነው ያረፈድኩት። መጣሽና አጥር አማረኝ አልሽ!» ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እንግዲህማ እርስዎ ልበልዎት። ወይዘሮ ማናለብሽ፣ ምን ልታዘዝ?»

እርስዎ መባሉ ከስድብ ይልቅ አቃጠላቸው። ሰበባቸውን ጎተቱ። «ጨው… ጨው አልቆብኝ ነበር።»

«ጨው ለባላንጣም አይከለከል» ብላ ገባች። ስትመለስ የያዘችውን እጃቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። «ከነዕቃው ይውሰዱት። ያው የእርስዎ ነው።»

ጭስ ያጠቆረው የቀርከሃ ቁራጭ ነው። ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ ታቹ በራሱ አንጓ የተደፈነ።

«የኔ?»

«ረሱት? ማዕድ ቤቴ የተቃጠለ ጊዜ ማንኪያ እንኳ አልተረፈኝም። ‹ጨው በምን ልስጥሽ› ብለው ሲዞሩ፣ በር ጥግ የቆመውን የጋሽ ኪዳኑን ዘንግ አገኙ። ጫፉን በመጋዝ ቆርጠው፣ ሞልተው ሰጡኝ። ይኸው ስድስት ዓመት ወጤን የማጣፍጠው ከዚች ነው።»

እማማ ማናለብሽ ቁራጩን አዙረው አዩት። መጋዙ የተንሸራተተበት ሰያፍ ምልክት አለው። ቁራጩን ይዘው፣ ደኅና ዋይም ሳይሉ ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ጨውን ዕቃ ላይ ገልብጠው ዘንጉን መሬት ላይ አጋደሙት። ቁራጩን ጫፉ ላይ ቢያስጠጉት ሰያፉ ከሰያፉ ገጠመ፤ ፀጉር የማያሾልክ። በሜትሩ ለኩት። ያለ ቁራጩ ሁለት ሜትር ከሰማንያ። ደብተራቸውን አመጡ፤ ሰባት ተኩልን በሁለት ሜትር ከሰማንያ አባዙ። ሃያ አንድ። በሽታዬም በኩል ሃያ አንድ።

እህተማርያም በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ሦስቱን ጎን በዘንግ ነው የለኩት? አንዱን ብቻ በሜትር?»

«የሽታዬን በኩል እንዳልታለል ብዬ…» አሉና ዋጡት።

«እንግዲያ የረዘሙት ሦስቱ ናቸው እንጂ የሷ አላጠረም። ኮምፒውተሩ እኮ አልገጠመም አለ እንጂ፣ ማን ወሰደው አላለም፣ እማማ።»

«አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሜትሩንና ዘንጉን ይዘው ወጡ። ሽታዬ ከአጥሩ ወዲያ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ ስትከታተላቸው ነበር።

«ሽታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ዘንጉን በአጥሩ ላይ እያሳዩ። «ይኸው፣ አጥሯል። ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ረስቼ፣ አንቺን ሌባ አደረግሁሽ።»

ሽታዬ ዘንጉንም እሳቸውንም አየች። ድንቿን የሚወስደው ባጃጅ በር ላይ ጡሩንባ ነፋ፤ ዞር ብላም አላየችው።

«ለአያ ወገኔ እንዳይመጣ እደውልለታለሁ።»

«የለም፣ ይምጣ!» አለች ሽታዬ። «ወሬው በሚስቱ ጆሮ ገብቷል፤ ሚስቱንም ይዞ ይምጣ። እፊታቸው ቁመሽ ‹ሽታዬ ስንዝር አልወሰደችም› ትያለሽ።»

«እላለሁ።»

«ዘንጉንም ይዘሽ።»

«ዘንጉንም ይዤ።»

እንደገና አንቺ መባላቸውን ልብ ያሉት ይህን ካሉ በኋላ ነው። ወደ እርስዎ እንዳይመለስባቸው ፈሩ።

ሽታዬ በአጥሩ ሽንቁር እጇን ሰደደች። «አሁን የሜትሩን ጫፍ ስጪኝ። ብቻሽን ከለካሽ ነገ ደግሞ ሜትሩን መጠርጠርሽ አይቀርም።»

እማማ ማናለብሽ ጫፉን አቀበሏት፤ ከማቀበላቸው በፊት ግን ጫፉ አለመቆረጡን፣ ዜሮዋም ደኅና መሆኗን ጎንበስ ብለው አዩ።

«አየሁሽ!» አለች ሽታዬ።