ምሰሶ የተቀመጠ ቀን

በሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ውስጥ ለአስተናጋጅ የሚሆን ወንበር የለም። ድሮ አንድ ነበር ይባላል፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሳህን ከሚደረደርበት መደርደሪያ አጠገብ። ምሰሶ የአስተናጋጆቹ አንጋፋ ሲሆን ያንን ወንበር አስወጣው። «ወንበር እያየ የማይደክም እግር አይቼ አላውቅም» ነበር ያለው።

ምሰሶ ስሙ አይደለም። ግን ስሙን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው እንዲህ ያሉት። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ኮቱን ሊሰቅልበት ነበር እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል፤ ቆሞ።

አዲስ ለሚቀጠሩት ሁሉ የሚነግራቸው ሁለት ነገር ነበር። አዳራሽ ውስጥ ስትራመዱ አትንኳኩ፤ እንግዳ እያለ አትቀመጡ። «እዚህ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ እንግዳ ነው» ይላቸዋል። «ጫማው ይቀደድ፣ ዝናብ ሸሽቶ የገባ ይሁን፣ አያገባችሁም። ከተቀመጠ ሄዳችሁ ምን ልታዘዝ በሉት። እንግዳ ካልሆናችሁ ደግሞ ቁሙ።» ዛሬ የአዳራሹ ኃላፊ የሆነችው ሴት ራሷ ሥራውን የጀመረችው ይህንን ሰምታ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከወጥ ቤት ወደ አዳራሹ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ነው። ትሪ ይዞ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ጉልበቱን ደረቱ ላይ ያሳረፈበት ይመስለዋል። ግራ ክንዱም ይከብደዋል። ቆም ሲል ይለቀዋል። ጨጓራ ነው ብሎ በሆዱ ያዘው። ባለቤቱ ግን አንድ ቀን ገበያ መሀል ፊቱ አመድ ሲመስል አይታ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ የልቡ ደም ሥሮች መጥበባቸውን ነገረው። በየቀኑ የሚውጠውን ኪኒን አዘዘለትና፣ ሌላ ደግሞ ሕመሙ ሲነሣ ብቻ የሚወስደውን ጨመረበት።

መድኃኒት ቤት ውስጥ የነበረችው ፋርማሲስት ትንሽ፣ ጥቁር ቡኒ የመስታወት ጠርሙስ ፊቱ አስቀመጠች።

«ሕመሙ ሲመጣ መጀመሪያ ይቀመጣሉ» አለችው። «ከዚያ አንዷን ፍሬ ከምላስዎ ሥር። አትዋጥም፣ አትታኘክም፤ ራሷ ትሟሟለች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻልዎት ወይም ከባሰብዎት፣ ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ማለት የለም። ወዲያው አምቡላንስ ያስጠሩ።»

«እሺ።»

«ራስዎን ሊያምዎት ይችላል፣ ፊትዎም ይግላል፤ አይደንግጡ። ደም ሥሩን ስለምታሰፋው ነው። የደም ግፊትዎንም ዝቅ ታደርገዋለች፤ ይቀመጡ የምልዎት ለዚህ ነው። ከእርስዎ እንዳትለይ። ወደ ሌላ ዕቃ ግን አይገልብጧት፤ ክዳኗንም ጥብቅ ያድርጉ። ሙቀትና ብርሃን አትወድም።»

«እንደ ጥሩ ወይን ጠጅ ነቻ» አለ ምሰሶ።

«ወይን ጠጁንም ይተዉት» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳያፍሩ። ለመኝታ ቤት የሚሆን... የሚያበረታ ኪኒን ይወስዳሉ?»

ምሰሶ ዞር ብሎ ባለቤቱን አየ። እሷ ቀደመችው።

«ወይ የኔ እናት! ሰውዬው እቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነው ሶፋው ላይ የሚያንኮራፋው። የቱን መኝታ ቤት ነው የምትዪው?»

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። «ከዚህች ጋር ከተገናኘ ሰው ይገድላል። ጓደኛ ቢሰጥዎት እንኳ እንዳይነኩት።»

ምሰሶ የአንድ ጠረጴዛ ሰው ሙሉ ትእዛዝ ሳይጽፍ የሚይዝ ጭንቅላት አለው። የተባለውንም ሁሉ ያዘ። አንዷን ትእዛዝ ብቻ ጣላት፤ የመጀመሪያዋን፣ «ይቀመጣሉ» የምትለውን።

ብዙም ሳይቆይ፣ አዳራሹ ለምሳ ጢም ባለበት ሰዓት ሕመሙ መጣ። ምሰሶ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዞ ነበር። ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ፊቱን ከእንግዶቹ አዞረና በአንድ እጁ ጠርሙሷን ከፍቶ አንዷን ፍሬ ከምላሱ ሥር ከተተ። ትሪውን አላስቀመጠም። ጀርባውም ቀጥ እንዳለ ነው። ደረቱ ላይ የነበረው ጉልበት ቀስ እያለ ሲነሣለት ተሰማው። ደስ አለው። ወዲያው አዳራሹ ከዳርና ዳር ጠቆረበት፤ እግሩ ከዳው።

ብርጭቆዎቹ ሲሰበሩ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «አስተናጋጁ መጠጡን ከእኛ ቀድሞ ጨረሰው እኮ!» አለና ሰዉ ሳቀ።

ማታውኑ ኃላፊዋ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ጠጥተው ነው እያሉ ነው።»

«እኔ ጠጥቼ አውቃለሁ?»

«እኔማ አውቃለሁ። የሆቴሉ ባለቤት ግን ዳግመኛ አዳራሹ ውስጥ ከወደቀ ልብስ ማጠቢያ ይውረድ ብለዋል።»

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። እዚያ እንግዳ የለም። የጠረጴዛ ልብስና አንሶላ፣ የሚጮህ ማሽን፣ በእንፋሎት የላበ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ሕመም ነው ብለሽ አትነግሪያቸውም?»

«ነገርኳቸው። ታዲያ ለምን አልተቀመጠም አሉኝ። እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነበር የመጣሁት።»

«እንግዳ ነበረ» አለ ምሰሶ።

ኃላፊዋ ይህን መልስ የተማረችው ከማንም ሳይሆን ከራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሷን ልብስ መቀየሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ትቷት ወደ አዳራሹ መውረድ ጀመረ። ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ ሲራመድ ሰደርያው ኪስ ውስጥ ትንኳኳለች። ዋና ወጥ ሠሪው ሰምቶ፣ «ድመቷ ላይ ቃጭል አሰሩባት፤ ከእንግዲህ አይጥ አትይዝም» ብሎ ወጥ ቤቱን አስቆታል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ሲመጣ ሹልክ ብዬ ወጥቼ፣ እዚያ ማንም ሳያየኝ ተቀምጬ እወስዳለሁ ብሎ አሰበ። ሲያስቡት ጥሩ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ግን ፎቅ ላይ ነው፤ ሕመሙም ደረጃ አይወድም።

አንድ ቀን ወጥ ሠሪው ሲጋራ ሊያጨስ ሲወጣ፣ ምሰሶን ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ አጋማሽ ላይ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ላቡ ችፍ ብሎበት አገኘው።

«አንተ! ምን ሆንክ?»

«ጠርሙሷ... ቁም ሣጥን ውስጥ።»

ወጥ ሠሪው ከነሆዱ ደረጃውን እንዴት እንደወጣው እሱም አያውቅም። ይዟት ወረደ፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠው፣ ፍሬዋን ከምላሱ ሥር አደረገለት። አጠገቡም ቁጭ አለ። ሁለቱም ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር። የምሰሶ የፊቱ መልክ ሲመለስ ወጥ ሠሪው ተናደደ።

«መድኃኒትህ ሰማይ ላይ፣ አንተ ምድር ላይ! ዛሬ ሲጋራ ባልጠጣ ኖሮ አንተ አልቆልህ ነበር። ሲጋራዬን አመስግናት።» ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ለምሰሶ ባለቤት ደወለ። ምሰሶ ተው ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እቤት ሲገባ ባለቤቱ አልጮኸችም። እራቱን አቀረበችለት። ሲጨርስ ጠርሙሷን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይህቺን ለምን ከኪስህ አወጣሃት?»

«ትንኳኳለች።»

«ትንኳኳለች?»

«አዳራሹ ጸጥ ሲል ይሰማል። እንግዳ ዞር ብሎ ያያል።»

«ትንኳኳ! እኔ የሬሳ ሣጥንህ ሚስማር ሲመታ ከምሰማ እሷ ትንኳኳ።» ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረና መልሳ አቀናችው። «ለመሆኑ ወንበር ምን አድርጎህ ነው? እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ የመብራት እንጨት?»

«ከተቀመጥኩ አለቀልኝ» አለ ምሰሶ። «አርጅቷል፣ ይውረድ ይላሉ።»

«ከወደቅክ ልብስ ማጠቢያ፤ ከተቀመጥክ ምናልባት ልብስ ማጠቢያ። ሁለቱንም ፈርተህ መድኃኒቱን ከተውክ ግን እኔ ነጠላ አልጋ ልግዛ።»

በማግስቱ ጠርሙሷን ይዞ ገባ። ሲራመድ ትንኳኳለች። ወጥ ሠሪው ሰማ፤ በዚህ ቀን ግን ስለ ቃጭል አልቀለደም።

መስኮቱ ጥግ ያለችው የሁለት ሰው ጠረጴዛ የአንድ ጡረተኛ ደንበኛ ናት። አስተናጋጆቹ «የመስኮቱ ሰውዬ» ይሉታል። ምሳውን ብቻውን ነው የሚበላው፤ ሁልጊዜ ሾርባና ዳቦ። ምሰሶ «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» ሲለው፣ «ደህና ነው» ይላል። ከዚያ ያለፈ ወሬ ተነጋግረው አያውቁም።

የዚያን ቀን ምሰሶ ሾርባውን ይዞ ከጠረጴዛዋ ሲደርስ ያ ጉልበት ደረቱ ላይ አረፈ። ከበፊቱ ከበድ ያለ ነበር። ሾርባውን አስቀመጠ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ቀና ብሎ መጋረጃውን አየ። በአዳራሹ ማዶ ነው። አዳራሹ ሙሉ ነው። ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬም በሩ አጠገብ ከነጓደኞቹ ተቀምጧል። ቆሞ ፍሬዋን ቢወስድ እንደሚወድቅ ያውቃል። ሳይወስድ እስከ መጋረጃው ቢሄድ ላይደርስ እንደሚችልም ያውቃል። ከመስኮቱ ሰውዬ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ።

ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

የመስኮቱ ሰውዬ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ምሰሶ ጠርሙሷን ከፍቶ አንዷን ፍሬ ከምላሱ ሥር አደረገ፤ ክዳኑን መልሶ አጠበቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አለ፣ ምላሱን ሳያነሣ። «ልቤ ነው። በአምስት ደቂቃ ካልለቀቀኝ አምቡላንስ ይጥሩልኝ።»

ሰውዬው አልተርበተበተም። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በሁለቱ መካከል የጠረጴዛው ልብስ ላይ ዘረጋው፣ ስልኩንም አጠገቡ አኖረ። ከዚያ ሁለቱም ሰዓቱን ማየት ጀመሩ። ሾርባው ይጨስ ነበር።

ምሰሶ አዳራሹን ከተቀመጠበት ሲያየው ሌላ ቤት መሰለው። ጣሪያው ራቀ። አስተናጋጆቹ ሲያልፉ የሚታየው ፊታቸው ሳይሆን የሰደርያቸው ቁልፍና የትሪያቸው ሆድ ነው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀጥታ ዓይን ይወጋል። ክብደቱን ወደ ግራ ሲያደርግ ወንበሩ ቀጭ አለ። ወደ ቀኝ ሲመልሰው ደግሞ ቀጭ።

«ይወዛወዛል» አለ ምሰሶ።

«አዎ» አለ ሰውዬው። «የእኔም ይወዛወዛል። ወለሉ ነው።»

«ስንት ዘመን እዚህ ተቀምጠው... ሁሉ ነገር ደህና ነው ወይ ስልዎት ደህና ነው አይደል የሚሉኝ?»

«እንደዚያ ቀጥ ብለው ከላይ ሲጠይቁኝ ምን ልበልዎት? እንደ ፈተና ነው የሚያስፈራኝ።»

ምሰሶ ሊስቅ ፈለገ፣ ተወው። ግንባሩ መምታት ጀምሯል፤ ፊቱም ግሏል። ደረቱ ላይ ያለው ጉልበት ግን ትንሽ ተነሣ። ሌላም ትንሽ።

«እንዴት ነው?» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሣ።

«እየለቀቀኝ ነው።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ለቀቀኝ» አለ። ሰዓቱ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም ነበር።

በሩ አጠገብ ያሉት ዞረው እያዩ ነው። ባለወፍራሙ ድምፅ አንገቱን አስግጎ ለጓደኞቹ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምሰሶ ይህንን አየ፤ ሊነሣም እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። የተሰበሩትን ብርጭቆዎች ግን አስታወሰ። እጁን መለሰ።

ኃላፊዋ አዳራሹን አቋርጣ መጣች። በሩ አጠገብ ያሉትን አልፋ፣ ሳትሮጥ፣ ሳትንኳኳ፣ እሱ እንዳስተማራት። ጠርሙሷን አየች፣ ሰዓቱን አየች፣ ፊቱን አየች። «ይነሡ» ልትለው ነው ብሎ ጠበቀ።

እሷ ግን ጀርባዋን ቀጥ አደረገች። ከሰደርያዋ ኪስ ማስታወሻዋንና እስክሪብቶዋን አወጣች። በሩ አጠገብ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

«ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?» አለች።

ምሰሶ ክብደቱን አዛወረ፤ ወንበሩ ቀጭ አለ።

«ውሃ» አለ። «ከዚያ ወፈር ያለ ካርቶን አጣጥፈሽ አምጪልኝ። የዚህን ወንበር እግር እናስተካክላለን።»

«ሌላስ?»

የመስኮቱ ሰውዬ ቀድሞ መለሰ። «የእኔንም ወንበር» አለ፤ ማንኪያውንም አንሥቶ ሾርባውን መብላት ጀመረ።