የተቀመጥኩበት መቅዘፊያ

በመንደራችን ከእኔ የሚከብድ ሰው የለም። ይህን የምለው ሳላፍር ነው። የሱቁ ኃላፊ ለጥቂት ጊዜ ተፎካክሮኝ ነበር፤ ሐኪሙ ቅጠላ ቅጠል ብላ ካለው ወዲህ ግን ከጨዋታው ወጥቷል። ስለዚህ የባሌ ወንድም ኤኖክ ለካያክ፣ ለአንድ ሰው ለምትሆነው ጠባብ ጀልባ፣ አዲስ መቅዘፊያ በጨረሰ ቁጥር የሚያስጠራው እኔን ነው። መቅዘፊያውን ከየጫፉ አንድ አንድ ስንዝር ገባ አድርጎ በሁለት ድንጋዮች ላይ ያጋድመዋል፤ እኔ መሀሉ ላይ እቀመጣለሁ። ከቻለኝ ባሕሩንም ይችላል። ካልቻለኝ ምድጃ ውስጥ ይገባል።

ይህን የጀመርነው ከባሌ በኋላ ነው። ባሌ ኢቪክ አንድ የመከር ጠዋት ቸኩሎ ያልተፈተነ መቅዘፊያ ይዞ ወጣ፤ ማዕበል መሀል ተሰበረበት። ካያኩን አገኙት፣ የመቅዘፊያውንም ግማሽ አገኙ፤ እሱን አላገኙትም። አሁን አላለቅስም፣ የማለቅሰውን ያኔ አልቅሻለሁ። ደግሞ ባሌ ተመልሷል። በዓመቱ ጎረቤቴ ሴት ልጅ ወለደችና ስሙን ሰጠቻት፤ እኛ ዘንድ ስም ብቻውን አይሰጥም፣ ሰውየውም አብሮ ይመጣል። እናም ያቺን ቀጫጫ ልጅ «ባሌ» እላታለሁ፤ እሷም «ሚስቴ» ትለኛለች። በየልደቷ የወንድ ካልሲ እሰጣታለሁ። ሰባ ያለፈውን ኤኖክን «ታናሽ ወንድሜ» እያለች ታዘዋለች፤ እሱም እያጉረመረመ ይታዘዛል።

አሁን ኢቪክ አድጋለች፤ ከካያክ ላይ የምትወርደውም ለመብላትና ለመተኛት ብቻ ነው። አምና በመላው ግሪንላንድ ውድድር ላይ፣ ኑክ ከተማ፣ በረጅሙ ርቀት ስትመራ ቆይታ መጨረሻው ላይ ክንዷ ከዳት። የተዋሰችው መቅዘፊያ እንደ ብረት ይከብድ ነበር። ስትመለስ አላለቀሰችም። በመጨረሻ ኤኖክ ቤት ሄዳ፣ «ታናሽ ወንድሜ፣ ቀላል መቅዘፊያ ሥራልኝ። ካልሠራህልኝ ካያኬን ለሮሲና የአበባ መትከያ እሰጣታለሁ» አለችው። ሮሲና እኔ ነኝ። አበባ ተክዬ አላውቅም።

አገራችን ዛፍ የለም፤ እንጨት የሚያመጣልን ባሕሩ ነው። በጸደይ ኤኖክ አንድ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው የጥድ ግንድ ከባሕሩ ዳር አገኘ። ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። ጠረበው፣ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ እንደገና ላገው። ኢቪክን ለዘንድሮው ውድድር የሚወስደው መርከብ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አስጠራኝ።

ግማሹ መንደር ድንጋዩ ላይ ተሰጥቶ፣ ትንኝ እያባረረ ይጠብቀኛል።

«ሚስቴ፣ ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ ኢቪክ።

«ደረቅ ዓሣ፣ የዓሣ ነባሪ ቆዳ፣ ከዚያ ኬክ። ለአንቺ ስል ነው የበላሁት።»

«ዛሬን እንኳ ብትጾሚልኝ ምን ነበረበት» ብላ ሳቀች፤ ከንፈሯ ግን ደም አልነበረውም።

መቅዘፊያውን አነሳሁት። በአንድ ጣት የሚነሳ ነገር ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ኤኖክ ድንጋዮቹ ላይ አጋደመው፤ እኔም ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ጎበጠ። አሁንም ጎበጠ። መቀመጫዬ መሬቱን ሊነካ ምንም ሲቀረው ከእንጨቱ ሆድ ውስጥ ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በወጣትነቴ እንኳ እንደዚያ ፈጥኜ ተነስቼ አላውቅም።

ኤኖክ በጣቱ እየዳበሰ ዳር እስከ ዳር አየው። «አልተሰነጠቀም።»

«ብደግም ይሰነጠቃል።»

«ቀስ ብለሽ ብትቀመጪስ?»

«ባሕሩ ቀስ ብሎ ነው የሚቀመጥበት?»

ሌላ እንጨት የለም። ቢኖርም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ኢቪክ መጥታ መቅዘፊያውን አነሳች።

«እንዲሁ እወስደዋለሁ» አለች። «ውድድሩ ላይ እኮ ብንወድቅ የሚያነሱን የጥበቃ ጀልባዎች አሉ።»

«አትወስጂውም።»

«ሚስቴ ሙች፣ አንዴ ብቻ…»

«አንዴ እንዲሁ ወስደሽው ነበር» አልኳት።

 እኔ ራሴ ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ደነገጥኩ። ልጅቷ መቅዘፊያውን አቁማ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጫፉን ለመያዝ ሞከረች። መቅዘፊያ ልክህ መሆኑ የሚታወቀው እንደዚያ ነው፤ ጣቶችህ ጫፉ ላይ ዕጥፍ ማለት አለባቸው። የእሷ ጣቶች ግን አልደረሱም። አንድ ስንዝር ያህል ቀራቸው።

የማን ጣት እዚያ እንደሚደርስ አውቃለሁ።

«ኤኖክ፣ ይህን ስትሠራ ማንን ለካህ?»

«ወንድሜን ነዋ።»

«መቼ ለካኸው?»

«የወንድሜን ክንድ ደግሞ እለካለሁ እንዴ? በአንድ አልጋ ያደግን ሰዎች! ቁመቱን በ…» ብሎ ቆመ። ወደ ልጅቷ አየ። ወደ መቅዘፊያው አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

የሱቁ ኃላፊ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መንደሩ ሁሉ። ኢቪክም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ መቅዘፊያውን አስቀምጣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ታናሽ ወንድሜ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። ለካኝ።»

ኤኖክ ገመዱን አምጥቶ ለካት።  እኔም አብሬ አየኋት። አጭር ክንድ፣ ከፀሐይ የጠቆረ፣ ክርኑ ላይ የልጅነት ጠባሳ ያለበት። ባሌ ጠባሳ አልነበረውም። እስከዛሬ በካልሲና በቁጣ ሳሳድጋት ይህን ክንድ አይቼው አላውቅም ማለት ነው፤ የራሷ ክንድ ነው። አንጀቴን በላችው።

ኤኖክ ከሁለቱም ጫፍ ቆረጠ። እየቆረጠም ራሱን ይሰድባል፤ ኢቪክ ደግሞ «ታላቅህን አክብር» ትለዋለች። ጫፎቹን እንደገና ላገና አለሰለሰ። መቅዘፊያው ሲያጥር ድንጋዮቹም ተቀራረቡ፤ አጭር እንጨት ደግሞ በቀላሉ አይጎብጥም።

ተቀመጥኩ። ትንሽ ጎበጠና ቆመ። ምንም ድምፅ የለም። ከፍ ዝቅ አልኩበት፤ እንደ ጥሩ አልጋ መለሰኝ። ኤኖክ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የሱቁ ኃላፊ «ክፈት፣ ችሏታል» አለው።

ያን ጊዜ ኢቪክ ሮጣ መጥታ ጭኔ ላይ ዘፍ አለች። ሰው ጮኸ። መቅዘፊያው ሁለታችንንም ተሸከመን፤ እግሯን አንስታ አንገቴን አቀፈችኝ። ባሌ በሕይወት ዘመኑ አንድም ቀን ጭኔ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

«አሸንፌ እመጣለሁ፣ ሚስቴ» አለችኝ በጆሮዬ።

«ተሸንፈሽም ነዪ» አልኳት። «ብቻ ነዪ።»