አናጢው ካርታ ሲለካ

የሰደበው የሚስቱ ወንድም ነው። ቀኑ እሑድ፣ ጊዜው ከምሳ በኋላ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤ ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። አናጢው ሰዓቱን አንዲት ደቂቃ ሳያጎድል የሚያውቀው፣ ቃሉ ሲነገር የሰው ፊት ማየት አቅቶት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሲያይ ስለነበር ነው። አሁንም በሰው አገር፣ ከስፖንጁ ብረቱ በሚበዛ የአውቶቡስ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን ከፊተኛው መቀመጫ ጋር አጣብቆ ያንኑ እሑድ ያመነዥካል።

የሚስቱ ወንድም የጉዞ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ በዓመት አንዴ ደግሞ አገር ጎብኚ እየመራ ድንበር ይሻገራል። ያን እሑድ ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ የባሕር ፎቶ ሲያሳይ፣ አናጢውን ሳያስበው አንድ ጥያቄ አመለጠው። ሰው ብቻውን፣ ያለ አስጎብኚ፣ በትንሽ ገንዘብ ባሕር አይቶ መመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

"ሰው ይችላል" አለ የሚስቱ ወንድም፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። "አንተን ግን አማቼ፣ ባሕሩ ይቅርና ከታክሲ ተራው ማዶ ብንለቅህ፣ ማታ አፋልጉኝ ነው የምንለጥፍልህ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሚስቱም ሳቀች፤ አፏን በመዳፏ ሸፍና። አንጀቱ ውስጥ የቀረው ያ ነው።

አናጢው እንዲህ ያለውን ነገር ከሚረሳ ስሙን ቢረሳ ይቀለዋል። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው በችግር ነበር፤ እሱ የሚያስታውሰው ግን ችግሩን ሳይሆን "የእንጨት ራስ" ያለውን የሒሳብ አስተማሪ ነው። የባንኩ ዘበኛ ከሰልፍ ያስወጣው በየትኛው ወር እንደሆነ ያውቃል። ቅጽ ሲሞላ የሳቀችበት ጸሐፊ የለበሰችውን ሹራብ ቀለም ያውቃል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ በሸጠ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ለጉዞው ያጠራቀመውም ባሕር ናፍቆት አልነበረም። ብቻውን ሊሄድ፣ ብቻውን ባሕሩ ዳር ሊቆም፣ ብቻውን ሊመለስ ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱን ለአሥር ቀን ቆልፎ ሲወጣ ለሚስቱ ያለው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገራትም።

ደግሞም እስካሁን ተሳክቶለታል። ስምንት አልጋ በተደረደረበት ክፍል አድሯል፤ ሸሚዙን በእጅ መታጠቢያ አጥቦ በመስኮት አድርቋል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦና ቲማቲም በልቷል። ቋንቋቸውን አንድ ቃል ሳያውቅ፣ በጣትና በአንገት ብቻ ሁለት ከተማ አልፏል። ገንዘቡን የመሄጃ፣ የማደሪያ፣ የምግብና የመመለሻ ብሎ በአራት ቋጥሮ፣ አራቱንም በየተለያየ ኪስ አስቀምጧል። አምስተኛ ቀኑ ነው።

ስህተቱን የሠራው ያን ዕለት ጠዋት፣ ትልቁ መናኸሪያ ውስጥ ነው። እስከ ባሕሩ ከተማ የሚያደርሰው ትኬት ውድ ነበር። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። አናጢው ከቀበቶው የማትለየውን ሜትር ፈትቶ ካርታው ላይ ዘረጋት። ከግርጌ የተጻፈውን ቁጥር አየ፤ አንዱ ሴንቲ ሜትር አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕሩ ወዲህ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ እስከዚያች ያለው ዋጋ ግማሽ ነው። ከእሷ እስከ ባሕሩ ደግሞ ለካ። ሁለት ሴንቲ። ሃያ ኪሎ ሜትር ምን አላት፣ በአገኘሁት ሚኒባስ እገባለሁ አለ በሆዱ። ትኬት ቆራጯ ራሷን እየነቀነቀች ውዱን ትኬት ደጋግማ ስታሳየው ልትበላው የፈለገች መሰለው። ፊቱን አኮሳትሮ ርካሹን ገዛ።

እኩለ ቀን ላይ ትንሿ ከተማ ሲወርድ፣ ከፊቱ ተራራ ተገትሮ አገኘ። ባሕሩ ከተራራው ማዶ ነው። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፣ እየዞረ ይወርዳል። የመናኸሪያው ዘበኛ የቀን መቁጠሪያ አውጥቶ በጣቱ አሳየው። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ወደ መጣበት የሚመለሰው ግን በየቀኑ አለ።

አናጢው ዕቃው ላይ ተቀምጦ አሰበ። ሁለት ሌሊት ከዚህ ካደረ የመመለሻውን ቋጠሮ መንካቱ ነው። ካልጠበቀ ደግሞ ባሕሩን ሳያይ ነገ ይመለሳል፤ የሚስቱም ወንድም ሰዓት ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ወደ ማታ ለሚስቱ ደወለ። ደህና ነኝ ብሎ ብቻ ሊዘጋ ነበር፤ ሳይወድ መንገድ ላይ መቅረቱን፣ ገንዘቡም እንደማይበቃው አወራት።

ያደረበት ቤት ባለቤት ጸጉሯ የሸበተ፣ ወገቧ የቀና ሴት ናት፤ አራት ክፍል ታከራያለች። የክፍሉ በር ሲከፈት ወለሉን እየፋቀ ያቃስታል። አናጢው ሌሊቱን ሙሉ በሩን እንደ ሰደበው ሰው ሲያየው አደረ። ጠዋት ግን አልቻለም። ካቻቪቴ ሳይዝ ሽንት ቤት የማይሄድ ሰው ነውና ከሻንጣው አወጣ። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተው በሩ አዘንብሏል። ብሎኖቹን ነቅሎ ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት ጠቀጠቀና መልሶ አሰራቸው። በሩ በአንድ ጣት ሲገፋ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። ለሴትየዋ ደግነት ለመሥራት አልነበረም፤ ተናዶ ነው።

ሴትየዋ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ እጁን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችው፣ ወንበር ሳበችለት፣ ሻይ ቀዳችለት። በእጇ እየጠቆመች ወዴት እንደሚሄድና ለምን ወደዚህ እንደመጣ ጠየቀችው። እሱም ከትልቁ መናኸሪያ ያነሳውን፣ ልኬቱ ከግድግዳው ካርታ ጋር አንድ የሆነ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ሜትሯን አስቀምጦ፣ ሁለት ጣቱን አሳያት። ሁለት።

ሴትየዋ ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች።

የአናጢው ፊት እንደ ጣውላ ደረቀ። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ባለ ሽበቷ የቤት አከራይ፣ ሲል በልቡ መዝገብ አሰፈራት። ሊነሳ ሲል በእጇ ቆይ አለችው። የመስፊያ ሣጥኗን አምጥታ ቀይ ክር መዘዘች። የክሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ከተማዋ ላይ ያዘችና መንገዱን ተከትላ አስኬደችው፤ ሲጠመዘዝ እያጠማዘዘች፣ ሲዞር እያዞረች፣ እስከ ባሕሩ። ከዚያ ክሩን አንስታ በእሱ ሜትር ላይ ቀጥ አድርጋ ዘረጋችው።

ዘጠኝ ሴንቲ ተኩል።

አናጢው ክሩን አየ። ክብ ነገር በክር ነው የሚለካው። የወንበር መደገፊያ በክር ይለካል፤ የክብ ጠረጴዛ ጠርዝ በክር ይለካል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለቀጠረው ሠራተኛ ሁሉ የነገረው ይህን ነው። የነገረውም በመልካም ቃል አልነበረም፤ "ደንቆሮ" እያለ፣ ደንበኛ ፊት ነበር። አንዱን በተለይ፣ ግራኙን፣ ሙሽሮች አልጋ ሊመርጡ ገብተው ሳለ ልኩን ስቶ "ያንተን ዓይን ለዶሮ ቢሰጧት ጥሬ አትለቅምበትም" ብሎ አስቆበታል። ግራኙ ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣም። እሱም በስንት ሰው ልብ ውስጥ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ እንደሚኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየው። ግራኙ የሚያውቃትን ሰዓት እሱ አያውቃትም።

ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ። ሴትየዋም እንደገና ጀመረች። ሁለቱ አንድ ቃል ሳይግባቡ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳቁ።

ሳቃቸው ሲበርድ ሴትየዋ የቀሩትን ሦስት በሮች አሳየችው፤ ሁሉም ያቃስታሉ። የአልጋውን ዋጋ የጻፈችበትን ወረቀት አንስታ ቀደደችና ወደ በሮቹ ጠቆመች። አናጢው እጇን ጨብጦ ተስማማ። የመመለሻው ቋጠሮ ሳይነካ ቀረ። ሦስተኛው በር ላይ ሳለ ሚስቱ ደወለች።

"ወንድሜ ሰው ልኮልሃል" አለችው። "እዚያ አገር የሚነግድ ጓደኛ አለው። ነገ ጠዋት መኪና ይዞ መናኸሪያው ይመጣል፤ እስከ ድንበር ይመልስሃል።"

"ማን ላክልኝ አለው?"

"እኔ አላልኩትም። መንገድ ላይ መቆምህን ብቻ ነው ያወራሁት፤ የሱን ነገር ታውቀው የለ። ስማኝ አንተ ሰውዬ። ከደከመህ ተመለስ፤ ቤትህ ነው። ለኔ ብለህ ግን እንዳትመለስ።"

አናጢው ካቻቪቴውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ያን እሑድ የሳቅኩትን ነው እስካሁን የያዝክብኝ፣ አይደል?" አለች።

"የቱን እሑድ?"

"ተወኝ እስቲ። እሱ ቤት በሄድን ቁጥር ዓይንህ ግድግዳው ሰዓት ላይ እንደተተከለ ነው የምንወጣው። የማላይ መሰለህ?" ድምፅዋ ቀነሰ። "የሳቅኩት ደንግጬ ነው። ሁሉም ሲስቅ እኔ ብቻ ዝም ካልኩ የባሰ ያፍራል ብዬ ነው። ማታውኑ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ፊትህን ሳየው ፈራሁ። በማግስቱም ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ሆነው።"

ከዚያ በልቷል ወይ ብላ ጠየቀችው። በልቻለሁ አላት። ሸሚዙን በምን እንደሚያጥብ ጠየቀችው። በእጅ ሳሙና አላት። በእጅ ሳሙና ታጥቦ አንገትጌው እንዴት እንደሚሆን በደንብ ነገረችው፤ እሱም ሳያቋርጥ አዳመጣት።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያው ደረሰ። የባሕሩ አውቶቡስ አርጅቷል፤ ጣሪያው ላይ ቅርጫትና ፍራሽ ተጭኗል፤ ሞተሩ ተነስቷል። ትኬቱን ገና ሳይቆርጥ፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ጎልማሳ ነጋዴ በአናጢው በራሱ ቋንቋ ጠራው።

"ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምጠብቀው። እግዜር ያሳይዎት፣ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ነኝ።"

አናጢው ስድስት ቀን ሙሉ ቋንቋውን ከስልክ በቀር አልሰማም። ነጋዴው ደግሞ የሚወደድ ሰው ነው። ዕቃውን ሊቀበለው ተሽቀዳደመ፤ መኪናው ውስጥ ውሃና ብስኩት እንዳለ ነገረው፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጥምዝምዝ መሆኑን፣ አውቶቡሱም ዳገት ላይ ቆሞ እንደሚያውቅ ሳያጋንን አስረዳው። ከጀርባው ያለችው መኪና ወንበሯ እንደ አልጋ የሰፋ ነበር። አናጢው የስፖንጁን ውፍረት በዓይኑ ለካ።

"እኔ ምንም አልልም ጋሼ" አለ ነጋዴው። "ምርጫው የርስዎ ነው። ብቻ የባለቤትዎ ወንድም ተጨንቀዋል፤ ይኸው መስመር ላይ ናቸው።" ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘረጋለት።

"አማቼ፣ አለህ?" አለ የሚስቱ ወንድም። ድምፁ ከቢሮ ነው፤ ከኋላው ሰው ይስቃል። "አላልኩህም እኔ? በል አሁን መኪናው ውስጥ ግባና አርፈህ ተቀመጥ። ክፉ ነገር አይደለም፤ ቤት ስትመጣ አብረን እንስቅበታለን።"

ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ ነበረው። ሰባት ዓመት መላጊያ የገባው፣ በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለ፣ አንድ ቃሉ ከሌላው ጋር ገጥሞ ስፌቱ የማይታይ መልስ ነው። እንጨት ሲሰነጥቅ ብሎታል፣ ቀለም ሲቀባ ብሎታል፣ እንቅልፍ ሲያጣ ብሎታል። አሁን ከነሙሉ አካሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። አፉን ከፈተ።

የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች በእጁ ይጠራል። አናጢው መልሱን ከመጀመሪያው ቃል አንስቶ በልቡ አስኬደውና ርዝመቱ ገረመው። ያን ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ አውቶቡሱ ተራራው ወገብ ላይ ይደርሳል።

አፉን ዘጋው። ነጋዴውን ስለ ድካሙ ከልቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው፤ ዕቃውን ከእጁ ቀስ ብሎ ወሰደ።

"አማቼ?" አለ ስልኩ። "ምነው ዝም አልክ? ስማኝ እንጂ።"

አናጢው የትኬቱን ሒሳብ በእጁ ጨብጦ፣ በመስኮቱ በኩል ቦታ ይኖር እንደሆነ እያየ፣ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።