የብብቱን ያልጣለው አጉሊ

በዚያ ሰፈር «አጉሊ» ሲባል ሰዓት ሠሪውን የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱም ቢሆን በእናቱ ሆድ ሳለ ወሬውን ሳይሰማ አይቀርም። ስሙ የወጣለት ዓይኑ ላይ ተጣብቃ በምትውለው አጉሊ መነጽር ነው ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ትንኝ የምታክል ጥርጣሬ ካገኘ ዝሆን ሳያደርጋት፣ ዝሆኗንም ሳያስረግዛት እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ ወጥ ላይ ጨው ስታበዛ «ምኑን ልትደብቂበት ነው?» ይላል። ጎረቤት ፈገግ ካለለት ኪሱን ይዳብሳል። ሃይማኖቱ አንዲት ተረት ናት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል መልሱ ከሱቁ አይርቅም። የሰው ሰዓት ሲከፍት ደህናውን መዘውር አውጥቶ በተበላው የመተካት አመል ነበረበት። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ማን ያያል? ሰዓቱም ይሄዳል፣ ባለቤቱም ይሄዳል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ አጉሊም ክዳን ያለው ነገር ሁሉ ሆድ ዕቃው የተለወጠ ይመስለዋል።

ታናሽ እህቱ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ይህ አመሉ ጣሪያ ነካ። ልብስ ሰፊ ናት። የሳንባ ምች ይዟት ነበርና ሳሉ ሲለቃት ተነሣች ሲባል፣ ፊቷ እንደ ሰም ነጣ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪሙ ደሟ እያለቀ መሆኑን ተናገረ። «ቶሎ ደም ካልተሰጣት ልቧ አይችልም» አለ።

አጉሊ ያኔውኑ እጅጌውን ሰበሰበ። «የኔን ቅዱ! የኔ ደም የሞተ በሬ አስነሥቶ ያሳርሳል!»

የእህቱ ባልም እጅጌውን ሰበሰበ፤ እሱ ግን ቃል አልተነፈሰም። የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አጉሊ «በረዶ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ቤቱ ቢቃጠል «ደግ ነው፣ ቀዝቅዞን ነበር» ብሎ እጁን የሚሞቅ ሰው ነው እያለ። ጎረቤቱም ተሰለፈ፣ የልብስ ስፌቱም ባልደረባ ሁሉ ተሰለፈ።

ከደም ባንኩ የመጣው መልስ ግን አንድ ነበር። አይስማማም። የአጉሊም፣ የበረዶም፣ የጎረቤቱም፣ መደርደሪያ ላይ የነበረውም ደም ሁሉ አይስማማም።

ደም ባንኩ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ መንገድ ተሻግሮ ነው። አጉሊ በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቱን አስገባ። ውስጥ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ብልቃጦች ትደረድራለች። ክፍሉ የበረዶ ቤት ነው፤ ማቀዝቀዣው እያጓራ ሴትዮዋ ከካፖርቷ ሥር ሹራብ ደርባለች።

«ዶክተር!»

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ። የደም ዓይነት ነው የማጠናው።»

«የእህቴ ደም ከማን ጋር ነው የተጣላው?»

«ከሁሉም ጋር። ከራሷም ጋር ሳይቀር።»

«ሰው ከራሱ ደም ጋር ይጣላል እንዴ?»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው» አለችና ዓይኗ አበራ። «ምናልባት እስከ ዛሬ ያላየነው ዓይነት ደም ይሆናል። አንዱን ብልቃጥ ለጥናት ለይቼ አስቀምጫለሁ።»

ለጥናት! ይህች ቃል በአጉሊ ጆሮ ገብታ ጎጆ ቀለሰች። ለጥናት ተብሎ የተለየ ነገር ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ማን አይቷል? ደግሞ ያ የዓይኗ ማብራት! እሱም ቢሆን የጥንት ሰዓት ሲከፍት እንዲያ ነው ዓይኑ የሚያበራው።

ወደ እህቱ ክፍል ሲመለስ በረዶን ኮሪደር ላይ አገኘው።

«ነገሩ ገባኝ» አለው በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። «የልጅቷ ደም ብርቅ ነው። ደህናውን እያስቀሩ የሌላ ሰው የተበላሸ ደም ነው የሚመረምሩት። ለዚህ ነው ከሁሉም ጋር የሚጣላው!»

«ጋሼ፣ ማን ይለውጠዋል?»

«ማን ይለውጠዋል ይለኛል! ያ ደሙን በሳጥን የሚያመላልሰው ተላላኪ፣ መንገድ ሲሻገር። ሳጥኑ ክዳን አለው ወይስ የለውም?»

«አለው።»

«አለቀ!»

በረዶ ትከሻውን ሰበቀና ወደ ሚስቱ ገባ። እሷ ዓይኗን ከድናለች። ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጉት ጣቶቿ ጫፋቸው ጠቁሯል። በረዶ በሁለት እጁ ይዞ ሲያሻቸው ቀስ ብለው ቀሉ፤ ሲለቃቸው መልሰው ጠቆሩ።

ሐኪሙ ሌላ ደም ይቀዳ ብሎ አዝዞ ነበርና ነርሷ መርፌዋን ይዛ መጣች። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ተከለ። ከክንዷ የወጣው ደም ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ፣ ስሟ ሲጻፍበት፣ ክዳኑ ሲጠብቅ ዓይኑን አላርገበገበም። ነርሷ ብልቃጡን በበረዶ ወደተሞላው ሳጥን ስታስጠጋ ግን እጁ እንደ ጭልፊት ወረደ።

«እኔው አደርሰዋለሁ ልጄ።»

«በበረዶ ነው የሚሄደው ጋሼ! ደንብ ነው!»

«ደንቡን ለባለ ክዳኖቹ ንገሪልኝ» አለና ብልቃጡን በሸሚዙ ውስጥ አሾልኮ ብብቱ ሥር ወተፈው። ክንዱን ጥብቅ አድርጎ ወጣ።

ያ መሻገር ታሪክ ነው። ክንዱ ከጎኑ እንደተሰፋ፣ መኪና ሲያንቧርቅበት እንኳ እጁን ሳያነሣ፣ ከሰላምተኛ እየሸሸ ሄደ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለችውን ሴት በልቡ እየረገመ፣ የሱን ብብት ሰማይ ቢደረመስ የሚከፍተው አልነበረም። መስኮቱ ጋ ሰልፍ ጠበቀው። ከፊቱ የቆሙ አንዲት እናት «ክንድህን ምን ሆንክ ልጄ?» አሉት።

«እባጭ ነው እማማ።»

«ፈንድቶ ይሆን? በሸሚዝህ ሥር ቀይ ነገር...»

«አይፈነዳም!» ብሎ ጮኸ፤ ሰልፉ ሁለት እርምጃ ራቀለት።

ተራው ደርሶ ሴትዮዋ እጇን ስትዘረጋ አልሰጣትም። «እፊቴ ካልተመረመረ አልለቅም» አለ። ሰልፉ አጉረመረመ። ሴትዮዋ ለአፍታ አየችውና በሩን ከፈተችለት።

«ይግቡ። ከምሠራው ላይ አንዳች አይጨምሩ፣ አንዳችም አይቀንሱ።»

ብልቃጡን ስትቀበል ደነገጠች። «ይሄ ለምን ሞቀ?»

አጉሊ ክንዱን መልሶ ከጎኑ ገጠመ። ብልቃጡን አጋደለችው፤ ደሙ በመስታወቱ ላይ እንደ ዘይት ልስልስ ብሎ ወረደ። እስካሁን የመጡት ሁሉ እንደ አሸዋ ፍርፍር ያሉ ነበሩ። ቶሎ ብላ በነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጠብታ አሳረፈች። አንዱን የኤን ደም ከሚያጓጉል ሰማያዊ ፈሳሽ፣ አንዱን የቢን ከሚያጓጉል ቢጫ፣ ሦስተኛውን ከጨው ውሃ ብቻ ጋር አዋሐደች። የቢጫው ተጓጎለ። ሌሎቹ ሁለት ጠብታዎች እንዳሉ ቀሩ።

«ቢ!» አለች። «የእህትዎ ደም ቢ ነው! እስከ ዛሬ ሦስቱም ነበር የሚጓጎሉብኝ...»

አጉሊ በመነጽሩ አፍጦ ነበርና በድንገት ጮኸ። «ያዝኩሽ! ምን ጨመርሽበት?» የጨው ውሃዋ ጠብታ፣ ማንም ሳይነካት፣ ፍርፍር ማለት ጀምራለች። ሰማያዊውም ተከተለ።

ሴትዮዋ ግን ሰሌዳውን አንሥታ ከሥሩ መብራት የሚበራበት፣ የሞቀ የመስታወት ሳጥን ላይ አስቀመጠችና ቀስ እያለች አወዛወዘችው። ፍርፍሩ ሟሟ። ሰማያዊውም ሟሟ። የቢጫው ብቻ እንደተጓጎለ ቀረ። ወደ ቀዝቃዛው ጠረጴዛ መለሰችው፤ ተጓጎሉ። ወደ ሳጥኑ፤ ሟሙ። አጉሊ ስንት ዓመት በመነጽሩ ሲያይ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይህን ብልቃጥ የት ነው ያቆዩት?»

«እጄ ላይ።»

«እጅ እንዲህ አያሞቅም።»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ጋሼ!» ድምጿ ተቆጣ። «ደሙ ከእህትዎ ክንድ ከወጣ ጀምሮ ብርድ ነክቶታል ወይስ አልነካውም? ደም የምመርጥላት በዚህ ነው። ከሳትኩ ትሞትብናለች።»

አጉሊ ወደ መስኮቱ አየ። ሰልፈኛው ሁሉ ጆሮውን ተክሏል። ውሸት ቢናገር እንደ ወትሮው ክዳን አለው፤ ግን ክዳኑ ሥር ያለችው እህቱ ናት።

«ብብቴ ውስጥ!» አለ። «እንዳትለውጡት ብዬ! ሌባ መስለሽኝ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «እባጭ ነው» የተባሉት እናት ከሁሉ በላይ ሳቁ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«የሳንባ ምቹ ካለፈ በኋላ በደሟ ውስጥ የቀረ ነገር አለ» አለችው። «ብርድ ሲያገኝ የራሷንም የሰውንም ደም አያይዞ ያጓጉላል፤ ሲሞቅ ይለቃል። እኔ ብርቅ ደም ያገኘሁ መስሎኝ በበረዶ የመጣውን በብርድ ቤት ስመረምር ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወዲያው ለነርሷ ደወለች። «ሌላ ብልቃጥ፣ በሞቀ ውሃ ተይዞ! በረዶ እንዳይነካው!»

ሁሉም ነገር ከሞቀ ውሃ ሳይወጣ ተመረመረ። ያኔ ደሞቹ ታረቁ። የአጉሊ ግን ኤ ነበር።

«በሬ የሚያስነሣው?» አለ አጉሊ ቅር ብሎት።

«ለሌላ በሬ ያስፈልገናል። ለእህትዎ የሚስማማው የባሏ ነው።»

«የበረዶ? ብርድ ለሚጣላት ልጅ በረዶ?»

ደሙ አልጋዋ ዘንድ ሲደርስ በሚያሞቅ መሣሪያ ውስጥ አልፎ ነበር የሚወርደው፤ እሷም በብርድ ልብስ ተጀቡናለች። አጉሊ መነጽሩን ተክሎ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ጀመረ። ነርሷ ትቆጣለች ሲል እሷም አብራው አነበበች፣ ሁለተኛዋም ነርስ ደግማ አነበበች።

«እናንተም ትጠረጥራላችሁ?»

ውጤቱን ለማየት መንገዱን ተሻግራ የመጣችው የደም ባለሙያ መለሰችለት። «በዚህ ሥራ ያልጠረጠረ ሰው ይገድላል።»

አጉሊ ደረቱ ሰፋ። ሙሉ ሆስፒታሉ የሱን ሃይማኖት የተቀበለ መሰለው። ደሙ እየወረደ ሲሄድ የእህቱ ከንፈር ቀለም ያዘ። ጣቶቿ ቀልተው ቆዩ፤ በረዶ ሲለቃቸውም አልጠቆሩም። አጉሊ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ ላብ ነው አለ።

ከዚያም የባለሙያዋን እጅ አየና «ሰዓትሽ ቆሟል» አላት። «ስጪኝ፣ ሱቄ ወስጄ አዲስ አድርጌ አመጣልሻለሁ!»

ባለሙያዋ ሰዓቷን ልትፈታ ስትል ከትራሱ ላይ ደካማ ድምፅ ተሰማ።

«እዚሁ ይሥራልሽ እህቴ» አለች ታማሚዋ፤ ዓይኗን ገና መግለጧ ነው። «ዓይንሽ እያየ።»

«አንቺ! አሁን ከሞት ተነሥተሽ...»

«የኔንም ቀጥሎ ይከፍተዋል» አለችና የእጅ ሰዓቷን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ከነካካው ወዲህ ድምፁ የሌላ ሰው ነው።»

በረዶ ካገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ። ባለሙያዋ ወንበር ስባ ከአጉሊ ፊት ተቀመጠችና ሰዓቷን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። አጉሊ መነጽሩን መልሶ ሲተክል ብብቱን አላበው።