በዓል የሚያከብር ቴሌቪዥን

እኔ ቴሌቪዥን የሚመታ ሰው አልወድም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድም የተበላሸ ቴሌቪዥን ጥፊ ሳይቀምስ ወደ ሱቄ አይመጣም። ባለቤቱ ይመታዋል፣ ጎረቤት ይመታዋል፣ ጠጋኝ ነን ባዮቹም ይጨምሩለታል። ምስኪኑ የሚደበደበው ግን እየተናገረ ነው! ያ ጀርባው እንደ ጎተራ የተነፋው የድሮ ቴሌቪዥን ሲታመም ዝም አይልም። ፊቱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ በሽታውን ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች አንድ ነገር ነው፣ አምስት ጊዜ ካለች ሌላ ነገር ነው። እኔ ሰብለ የየዓይነቱን ቁጥር በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እየለቀምኩ በአንድ ደብተር ጽፌዋለሁ። ከዚያ ደብተር ባሌን ብትወስዱብኝ ይሻለኛል እያልኩ ባሌን አስኮርፈዋለሁ።

ያን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ሰብለ የምትባዪው አንቺ ነሽ ልጄ? ቄስ ቴዎፍሎስ ነኝ፣ ኸማንኩሳ ማዶ። ቴሌቪዥኔ እንቢ አለኝ።»

«ቀይዋን መብራት ይዩልኝ መምሬ። ስንት ጊዜ ብልጭ ትላለች?»

ከወዲያ በኩል የከንፈር ሹክሹክታ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ «አሥራ ሁለት» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስቆጥር ነው የኖርሁ ልጄ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። አሥራ ሁለት የለም። እስከ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ፤ የለም! ልቤ መዝለል ጀመረ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየሁት በሽታ ማንኩሳ ማዶ ተኝቶ ኖሯል ማለት ነው።

«ደሞ ይኸን ልንገርሽ» አሉ መምሬ። «እሑድና በዓል ሲሆን ደህና ይሠራል። ባዘቦት ነው እንቢ የሚል። ያገሩ ሰውማ የመምሬ ቴሌቪዥን በዓል ያከብራል እያለ ይስቃል።»

«መምሬ፣ ብረት በዓል አያውቅም» አልኳቸው፤ እንደ ልማዴ ቶሎ ተናድጄ። «ይላኩልኝና በሳምንት ውስጥ አየዋለሁ።»

«ሳምንትማ ምን ይሠራልኛል? ዛሬ አሥር ሰዓት ነው የምፈልገው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ አደይ ውጭ አገር ልትሮጥ ነው። ተጣልተን ነው የሄደች፤ ሳልመርቃት። ትናንት ደውላ ‹አባባ፣ ሌላ ምንም አልልዎትም፣ ነገ ይዩኝ ብቻ› አለችኝ።»

ሱቄን ዘጋሁ። የቻልኩትን ዕቃ ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅጥቄ እስከ ማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከማንኩሳ በባጃጅ፣ ባጃጁ ጭቃውን ሲፈራ ደግሞ በእግሬ ገሰገስኩ። እውነቱን ልናገር፣ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ አደይ አልነበረም። ስለ አሥራ ሁለት ነበር።

መምሬ ቴዎፍሎስ ሰባውን ያለፉ፣ ጥምጣማቸው የነጣ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። በበራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አደይ ገና ልጅ ሳለች እናቷ አርፋለች፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ቴሌቪዥኑ ብቻ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ዳንቴሉን ገፈፍኩና ማብሪያውን ተጫንኩት። ምስል ሊመጣ ሲል እልም አለ። ቀይዋ መብራት ጀመረች።

ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ቆመች። እንደገና ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ቆመች።

«አራት ናት እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

መምሬ ከጎኔ ሆነው የጣቶቻቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። መብራቷ ስትቆም እሳቸውም ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ስትጀምር ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ትንሿ ጣት ጫፍ ላይ ሲደርሱ «ይኸው፣ አሥራ ሁለት» አሉ።

«አሥራ ሁለት ላይ ለምን አቆሙ?»

«እጄ ሞላ።»

«መሐል ላይ ስታርፍ ከአንድ መጀመር ነበረብዎት እኮ!»

«እግዚኦታ ሲደርስ መኻል ላይ ይተነፈሳል እንጂ ኸአንድ ይጀመራል?» አሉኝ፤ እኔን እንደ ሰነፍ ተማሪ እያዩ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ሳቄ ቀደመኝ። በአራት ጣት ላይ ያለው አንጓ አሥራ ሁለት ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን የቆጠረ እጅ ሌላ አቆጣጠር ከየት ያምጣ? ያ ሁሉ አዲስ በሽታዬ በአንድ አፍታ በነነ። ግን አራት! አራትን አውቃታለሁ። ደብተሬን ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «አራት ጊዜ፤ የሚገባው ኃይል አነሰ፤ ቴሌቪዥኑ ራሱን ለማዳን ጠፋ።»

ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። ሁለት መቶ ሃያ መሆን የነበረበት ቮልቴጅ አንድ መቶ ሠላሳ ላይ ይንፏቀቃል። ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነው! በሽተኛው መስመሩ ነው። የመንደሩን ኃይል እየመጠጠ የሚጨርስ አንድ ትልቅ ነገር ከዚህ አካባቢ አለ። ጆሮዬን ቀና አደረግኩ። ከገባሁ ጀምሮ ስሰማው የነበረና ልብ ያላልኩት ጉርምርምታ ከአጥሩ ማዶ ይመጣል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ወፍጮ ነዋ። ሰሞኑን ትልቅ ሞተር አስገብቷል።»

«እሑድ ይፈጫል?»

«አይፈጭም።»

«በበዓል ቀንስ?»

መምሬ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። እኔ ከደስታዬ ብዛት እጃቸውን ይዤ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ቴሌቪዥኑ በዓል አያከብርም፤ ወፍጮው ነው የሚያከብረው! ወፍጮው ሲያርፍ ኃይሉ ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ያቁምልን፣ አለቀ!» አልኩ።

እሳቸው ግን መደብ ላይ ተቀመጡ።

«የደጀኔ ወፍጮ ነው» አሉ። «ኸሁለት ዓመት ወዲህ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ደጀኔ በሚካኤል ዕለት ወፍጮውን አስነስቶ ሲፈጭ መምሬ በአውደ ምሕረት ላይ ስሙን ጠርተው «እህል የፈጨ መስሎታል፣ ነፍሱን ነው የፈጨው» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ደጀኔ ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን አይፈጭም፤ ለመምሬም ሰላምታ አይሰጥም። መንገድ ላይ ሲያያቸው በሌላ ይዞራል።

«እኔ እሄዳለሁ» ብዬ ካቻቪቴዬን እንደያዝኩ ተነሳሁ። «ካላቆመ ገመዱን እበጥሰዋለሁ!»

«ተይ ልጄ። ይኸ የኔ ነው» አሉና ዱላቸውን አነሱ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዳጉሳና በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ተራ የሚጠብቁ አሥር ያህል ሴቶች አሉ። ውስጡ የሰው ድምፅ አያሰማም። ደጀኔ የእኔ እኩያ የሚሆን፣ እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። መምሬን ሲያይ እጁ እህል ማፍሰሻው ላይ ደረቀ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ወፍጮውን አቁምልኝ!» አሉ መምሬ እየጮኹ።

«ዛሬ ደግሞ የማን በዓል ነው?» ብሎ ጮኸ ደጀኔ። ሴቶቹ ዞር ዞር አሉ። እኔ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ቄስ ከፈለገ በዓል አያጣም፤ ወሩን ሙሉ ስም ያልተሰጠው ቀን የለም። አንዱን ቢጠሩ ደጀኔም ሴቶቹም ይፈሩ ነበር።

«በዓል የለም!» አሉ መምሬ። ወፍጮው ድምፃቸውን ስለዋጠው ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ። «ልጄ ልትሮጥ ነው! በቴሌቪዥን! ያንተ ሞተር ሲሠራ የኔ አይሠራም! የቄስ ልጅ ባደባባይ አትሮጥም ብዬ፣ ሳልመርቃት ነው የሄደች! ዓይኔ ሳያያት እንዳታልፈኝ!»

ይህን ሁሉ ሴቶቹ ሰሙ። እኔም ሰማሁ፤ እንባዬ መጣ።

ደጀኔ እጁን ዘርግቶ ማብሪያውን ወደ ታች መታው። ሞተሩ እያቃሰተ፣ እያቃሰተ ቆመ። ዝምታው ጆሮ ይወጋ ነበር።

«አደይ ናት?» አለ ደጀኔ በቀስታ። «ምነው ቀድመው ሳይነግሩኝ?» ከዚያ ጥግ ላይ ወዳለች የሣንቃ መደርደሪያ በአገጩ ጠቆመ። «ጫማዋ እዚያ ነበር የሚያድር፣ አባ። እርስዎ እንዳያዩባት። ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ትመጣለች፣ ተጫምታ ትሮጣለች፣ መልሳ አውልቃ ትገባለች። ሦስት ዓመት።»

መምሬ መደርደሪያዋን ቀረብ ብለው አዩ። ባዶ ናት፤ ዱቄት ብቻ ነው ያለባት። «ሦስት ዓመት» አሉ። «እኔ በሰው ፊት ኻዋረድሁህም በኋላ?»

«እሷ ምን አደረገችኝ?» አለ ደጀኔ።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል! «ኧረ እንሂድ!» ብዬ ጮህኩ። መምሬ በዱላቸው፣ ደጀኔ ክንዳቸውን ደግፎ፣ እኔ ከፊት፣ ሴቶቹም ከረጢታቸውን ጥለው ከኋላ ተከተሉ። ማብሪያውን ተጫንኩት። ቀይዋ መብራት አንድ ጊዜ ብልጭ አለች፤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከዚያ ረጋች። ምስሉ ወለል ብሎ መጣ። መስመር ላይ የቆሙ ሯጮች!

«ያቻት!» አለች አንዷ ሴት። «ከዳር ሦስተኛዋ! ያቻት አደይ!»

ሦስት ሺህ ሜትር ሰባት ዙር ተኩል ነው። በመጀመሪያው ዙር መምሬ ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ተጠጉ። በአራተኛው አደይ ወደ ኋላ ቀርታ ስምንተኛ ስትሆን ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ አስተላላፊውን ጋዜጠኛ መርገም ጀመርን፣ የቀረችው በእሱ ጥፋት ይመስል። «ትጠብቃለች፣ ዝም በሉ!» አለ ደጀኔ። «እኔ አውቃታለሁ፤ ዳገቱን ሳታጋምስ ጉልበቷን አታወጣም!»

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። አደይ ወጣች! ሰባተኛ፣ ስድስተኛ፣ አምስተኛ! እኔ ቦርሳዬን እየደበደብኩ ነው፤ ሴቶቹ «በይ! በይ!» ይላሉ። መምሬ ጉልበታቸውን ረስተው ቆመዋል።

«ይኸ የእናቷ አረማመድ ነው» አሉ። «እናንተ፣ የእናቷ አረማመድ ነው እኮ! ሩጪ! ልጄ ሩጪ!»

በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ አራተኛ ነበረች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ደረቷን ወርውራ ሦስተኛ ገባች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም፤ እኔ ከአንዲት የማላውቃት ሴት አንገት ላይ ተጠምጥሜ ራሴን አገኘሁት፤ ፀጉሬም ዱቄት በዱቄት ሆኗል።

ማንም አልሄደም። ደጀኔም ወፍጮውን አላስታወሰውም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመምሬ ስልክ ጮኸ። እኔ አንስቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው።

«አባባ! አዩኝ?»

«አየሁሽ።»

«ሁሉንም?»

«ኸመነሻው እስተ መድረሻው።»

ከዚያ «አባባ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሮ፤ «ሳይመርቁኝ በመሄዴ ይፍቱኝ።»

ይህን ለካህን የማይል የለም፤ መልሱንም ሕፃን ያውቀዋል። ሁላችንም «እግዜር ይፍታሽ» የሚለውን ጠበቅን። መምሬ ግን ጥምጣማቸውን ከራሳቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አይደለም ልጄ» አሉ። «ዛሬስ አንቺ ፍቺኝ።»

ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማናት። ቆየችና «እግዜር ይፍታዎ አባባ» አለች።

አሜን አልን። ከሁላችንም ጮክ ብሎ ያለው ደጀኔ ነበር።