የባዶው ልክ

ሐጂ ሙሜ ዘይት ሲለኩ ቆሞ የሚያይ ሰው አይጠፋም ነበር። ሱቃቸው የከተማው ግንብ መግቢያ ከሆነው ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ ከግንቡ ጥግ ናት። ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርገው ሲያዘነብሉ ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ መለኪያው ሲሞላ ክሩ ይበጠሳል፤ አንዲት ጠብታ ከውጭ አትወድቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሲለኩ «ጎደለብኝ» ብሎ የተመለሰ ሰው የለም። ሁለት ሰዎች በልክ ከተጣሉ፣ እስላምም ይሁኑ ክርስቲያን፣ «በል ና፣ በሐጂ ሙሜ እጅ ይለካ» ይባባላሉ።

በ1954 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መድኃኒት ቤት ያላቸው አቶ ተክለጻድቅ ወደ ሱቁ ሲመጡ ሐጂ ሙሜ ጉዳዩ የልክ መሆኑን ከፊታቸው አነበቡ። የሚለካውን ነገር ግን ከቶ አልገመቱትም።

«ሞተር ብስክሌት ይለኩልናል» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

«ርዝመቱን ነው ወይስ ክብደቱን?»

«ሆዱን።»

ሐጂ ሙሜ ሳቁ። አቶ ተክለጻድቅ አልሳቁም። የሞተረኞች ማኅበር ጸሐፊ እሳቸው ናቸው፤ በማግስቱ ወደ ሐኪም ጋራ በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ ማኅበሩ የመጀመሪያ ውድድሩን ሊያደርግ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሞተር እንጀራ የሚበሉ አይደሉም፤ አስተማሪ አለ፣ መኮንን አለ፣ ነጋዴ አለ፤ ሁሉም ለደስታው የሚነዳ ነው። ሞተሮቹም በሦስት ምድብ ተከፍለዋል፦ እስከ መቶ ሃያ አምስት ሲሲ፣ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ እስከ አምስት መቶ።

«ሲሲ የሚሉት ምንድን ነው?»

«በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚተወው ባዶ ቦታ አለ። የዚያ ባዶ ልክ ነው። ባዶው ሲሰፋ የሚገባው ቤንዚንና አየር ይበዛል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ሳንለይ ብናስሮጣቸው ፈረስን ከአህያ ጋር ማሽቀዳደም ነው የሚሆንብን።»

«ብረቱ አይቆጠርም?»

«አይቆጠርም።»

«ጎማውስ? የሚነዳው ሰው ውፍረትስ?»

«ምንም። ባዶው ብቻ።»

ሐጂ ሙሜ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ የሚሞላውን ሲለኩ ኖረዋል። አንድ ነገር በውስጡ ባለው ባዶ ሲከበርና ሲመደብ ግን ሰምተው አያውቁም። «ሱብሐነላህ!» አሉ ለራሳቸው፤ ሱቁንም ዘግተው ተከተሉ።

ጠቡን ያስነሳው የአባይነህ ሞተር ነው። የአባይነህ ጋራዥ ከበሩ ውጭ፣ ከሐጂ ሙሜ ሱቅ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ነፋስ የሱቁን ቆርቆሮ ሲገነጥል ማንም ሳይጠራው መሰላል ይዞ የመጣ እሱ ነው። ይህን ሞተር ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ስብርባሪ፣ ከሦስት የሞቱ ሞተሮች አንድ አድርጎ ለመሥራት አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ወረቀት የለው፣ የፋብሪካ ቁጥር የለው። አባይነህ «ሁለት መቶ ሃምሳ ነው» ይላል። በዚያው ምድብ የሚወዳደረው አስተማሪው እንደሻው ደግሞ «ሦስት መቶ ባይሆን ጺሜን እላጫለሁ» ብሎ ይምላል። ከሁለት መቶ ሃምሳ አንዲት ሲሲ ካለፈ ከመኮንኖቹ አምስት መቶዎች ጋር ይሰለፋል፤ የአራት ዓመት ልፋቱም የእነሱን አቧራ ለመብላት ይሆናል።

ጋራዡ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ተሰብስቦ ቆይቷል። አባይነህ የሲሊንደሩን ክዳን አንስቶ፣ ፒስቶኑን እስከ ታች አውርዶ፣ ዘይት እንዳይሰርግ ዳር ዳሩን በግሪስ ደፍኖ ነበር።

«ሐጂ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስለፋ አይተዋል» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዛሬ የማየው ዘይቱን ነው» አሉት፤ ግን ትከሻውን መታ አደረጉት።

ጎንበስ ብለው ወደ ሲሊንደሩ ተመለከቱ። ግድግዳው እንደ መስታወት የጠራ ነበር፤ የገዛ ጺማቸው ተጣሞ ታያቸው። ጉድጓዱ ከሁለት ተኩል የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም።

«ይህ ነው ሰው ተሸክሞ ጋራ የሚወጣው?»

«ይህ ነው» አሉ አቶ ተክለጻድቅ፣ መስመር ያለበትን የመድኃኒት መለኪያ ብርጭቆ እያቀበሏቸው። «ላይኛው መስመር ሃምሳ ነው። በሃምሳ በሃምሳ እየሞሉ ያፍስሱ፤ እኔ እቆጥራለሁ።»

ሐጂ ሙሜ «ቢስሚላህ» ብለው ቀጭን የሞተር ዘይት ወደ ብርጭቆው ቀዱ፤ ከብርጭቆው ወደ ሲሊንደሩ ገለበጡ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። በአምስተኛው ዘይቱ የሲሊንደሩን አፍ ደረሰ፤ ክሩ ተበጠሰ። ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ሲሲ ቀርቷል።

«ሁለት መቶ አርባ ስምንት!» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

አባይነህ ዘሎ የሐጂ ሙሜን ትከሻ ሳመ። ቅባታም እጁ ነጭ ቀሚሳቸው ላይ አምስት ጣት አተመ። «ምላጭ አምጡለት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«በሐጂ እጅ ከተለካ ምን እላለሁ» አለ እንደሻው ጺሙን እየዳሰሰ። «እንግዲያው የኔንም ይለኩልኝ። በእርስዎ እጅ ተለካ ልበል።»

የእንደሻው ሞተር ሳይነካካ ከጣሊያን ፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው፤ ሲሊንደሩ ላይ 247 የሚል የፋብሪካ ቁጥር ተመቶበታል። ክዳኑ ተነሳ፤ ሐጂ ሙሜም ለኩት። አራት ሙሉ ብርጭቆና ከአምስተኛው ሠላሳ ሁለት ገባ። ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት።

ሳቁ ጋራዡን ሞላው። «ጣሊያን አሥራ አምስት ሲሲ ሰረቀኝ!» ብሎ ጮኸ እንደሻው።

«ለካስ ሞተርህ ዳገት ላይ እንደ ግመል የሚያለቅሰው ለዚህ ነው» አለው አባይነህ።

አቶ ተክለጻድቅ ሳቃቸውን እየዋጡ ጻፉ፤ ያም ሆነ ይህ ከሁለት መቶ ሃምሳ በታች ነው።

ሐጂ ሙሜ ብቻ አልሳቁም። የዚህኛውም ሲሊንደር ግድግዳ የጠራ መሆኑን አይተዋል። እንዲህ አድርጎ ብረት የሚያለሰልስ የፋብሪካ ሰው አሥራ አምስት ሲሲ ይስታል? ብርጭቆውን እንደገና ሞሉት፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ከላይ ከማየት ይልቅ ተንበርክከው ዓይናቸውን ከመስመሩ ትክክል አደረጉ። ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ነበር። ብዙ አይደለም፤ የጤፍ አገዳ ውፍረት ያህል።

ወዲያው ገባቸው። ምርቃቱ ነው። አባታቸው ገና ማንቆርቆሪያ ሲያስጨብጧቸው፣ «አጉድለህ ከምትገኝ ጨምረህ ተገኝ፤ በልክ የሚያጎድል በአላህ ፊት ወዮለት» ብለዋቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጃቸው ልኩ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጥቂት አልፎ፣ ጥቂት መርቆ ነው የሚቆመው። ማንም አይቆጥረውም፤ እሳቸውም ረስተውታል። አሁንም በእያንዳንዱ ሃምሳ ላይ ያልተቆጠረ ሦስት ሲሲ ወደ ጉድጓዱ ገብቷል፤ ስለዚህ የሁለቱም ጉድጓድ ከእውነቱ አንሶ ተነገረ፤ የአባይነህማ ከሁለት መቶ ሃምሳ ያልፋል። ለገዢ በረከት የነበረው እዚህ ውሸት ሆነ።

ከእሳቸው በቀር ያወቀ የለም። ዝም ቢሉ አባይነህ በምድቡ ይሰለፋል፤ የጺሙም ቀልድ ሳምንት ይሳቅበታል። ቢናገሩ ሰኞ ገበያው ሁሉ «የሐጂ ሙሜ ልክ ስቷል» ይላል፤ ሠላሳ ዓመት የቆመ ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ። አባይነህ ያን ጊዜ እያፏጨ ክዳኑን ሊመልስ ብሎን ይለቅም ነበር።

«ተው፣ አትዝጋው» አሉ ሐጂ ሙሜ። «ጣሊያኑ አልሰረቀም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

የሆነውን ነገሯቸው። አቶ ተክለጻድቅ ብርጭቆውን ተቀብለው በብርሃን አዩት፤ ፊታቸው ቀላ።

«ሐጂ፣ ምን ነካዎት?» አለ አባይነህ። «ተለክቶ አልቋል እኮ!»

«ተመረቀ እንጂ አልተለካም፣ ልጄ።»

እንደገና ለኩ፤ በመጀመሪያ የእንደሻውን። ዘይቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ እጃቸው አልቆምም አለ፤ የቀኝ አንጓቸውን በግራ እጃቸው ይዘው አቆሙት። በሕይወታቸው እንዲህ ከባድ ሥራ የሠሩ አልመሰላቸውም። አራት ሙሉ ብርጭቆ፣ ከአምስተኛው አርባ ሰባት። ሁለት መቶ አርባ ሰባት። ሐጂ ሙሜ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር በጣታቸው ዳሰሱት። ስሙን የማያውቁት ሰው፣ ባሕር ማዶ፣ ይህን ባዶ ለክቶ ቁጥሩን መቶበታል፤ ዛሬ ፈላና በር ላይ የፈሰሰው ዘይት ያንኑ ቁጥር ተናገረ።

ቀጥሎ የአባይነህ። አምስት ሙሉ ብርጭቆ ገባ። ከስድስተኛውም አሥራ ሦስት።

«ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት» አሉ አቶ ተክለጻድቅ ቀስ ብለው።

«የግድግዳው ጭረት እስኪጠፋ አስፋቅሁት፤ ለካ ሰፍቷል» አለ አባይነህ ለማንም ሳይሆን። «ጭረቱ እስኪጠፋ ብቻ ነበር።» ከዚያ ወደ ሐጂ ሙሜ ዞረ። «ለከተማው ሁሉ ሲመርቁ ኖረው ለእኔ ነፈጉኝ።»

ሐጂ ሙሜ ብርጭቆውን ለአቶ ተክለጻድቅ መልሰው ወጡ።

እሑድ ላለመሄድ ወስነው ነበር። ከተማው በሙሉ ወደ ሐኪም ጋራ ሲጎርፍ ግን እግራቸው ይዟቸው ሄደ፤ ከጫፉ በታች ካለው ስለታም መታጠፊያ ላይ፣ ከቁልቋሉ አጠገብ ቆሙ። ሰላምታ የሰጣቸው ሁሉ ወሬውን የሰማ መሰላቸው። ትንንሾቹ እንደ ንብ እየጮኹ አለፉ። የሁለት መቶ ሃምሳዎቹ ተከተሉ፤ እንደሻው ከፊት ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ተነሱ። መሬቱ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

ስድስት ነበሩ። የሻምበል ኃይለመስቀል ጥቁር አምስት መቶ ቀድሞ ከታችኛው ሜዳ ላይ ወጣ፤ ሁለት ተከተሉት፤ ከዚያ ከአቧራው ውስጥ የአባይነህ ሞተር ብቅ አለ። በቀጥታው መንገድ ላይ ራቁበት። ዳገቱ ሲጀምርና መንገዱ መጠማዘዝ ሲይዝ ግን የትልልቆቹ የኋላ ጎማ ጠጠሩ ላይ መንሸራተት ጀመረ፤ የአባይነህ ቀላል ነውና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቀረባቸው። ሐጂ ሙሜ ሳያውቁት በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፦ እዚያኛው ውስጥ አሥር ብርጭቆ አለ፤ እዚህኛው ውስጥ አምስትና ጥቂት። አሥርና አምስት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከሁለት በሬ ርዝመት አይበልጥም!

አባይነህ መታጠፊያው ላይ ደረሰ። ጉልበቱ መሬት ሊነካ እስኪል ተጋደመ፤ ትናንት ጺማቸውን ያዩበት ያ ጠባብ ጉድጓድ በደቂቃ ስንት ሺህ ጊዜ ሞልቶ ስንት ሺህ ጊዜ ባዶ እየሆነ፣ አንድ ሙሉ ሰው፣ ብረቱን ጭምር፣ ሽቅብ ይወረውር ነበር። ጠጠር ፊታቸውን መታው። አልተከለሉም። «አላሁ አክበር» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለራሳቸውም አልተሰማቸውም።

ከስድስቱ አራተኛ ሆነ። ዋንጫ ለሁለት ሰው ብቻ ነው።

ሐጂ ሙሜ ጫፉ ላይ ሲደርሱ አባይነህ ከሞተሩ ጎን ቁጢጥ ብሎ አንድ የላላ ብሎን ያጠብቃል። አያቸው፤ አጎንብሶ ሥራውን ቀጠለ። ሻምበል ኃይለመስቀል ዋንጫውን በብብቱ ይዞ መጣ፤ እሱም ቁጢጥ አለና ሞተሩን ከወዲህ ከወዲያ አየ።

«መታጠፊያው ላይ ወደ ኋላ አስዞርከኝ እኮ! ስንት ሲሲ ነው ይሄ?»

አባይነህ ቀና ሳይል፣ በያዘው መፍቻ ወደ ሐጂ ሙሜ አመለከተ።

«እሳቸውን ይጠይቁ። የለኩት እሳቸው ናቸው።»

በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ሐጂ ሙሜ ከጺማቸው ላይ አቧራውን ጠረጉ።

«ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት» አሉ።

«ብቻ?» አለ ሻምበሉ።

«ብቻ።»

«አንዲት ጠብታ አልበለጠም?»

«አንዲት ጠብታ አልበለጠም» አለ አባይነህ ብሎኑን እያጠበቀ። «ሐጂ ከለኩት በኋላ ምን ይጠየቃል፣ ሻምበል?»

ሻምበል ኃይለመስቀል ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋ፤ ግለቱ ገና ሳይነካው ተቀበለውና እጁን ሰበሰበ። ከዚያም ሳይነሳ፣ ሲሊንደሩን ያየው ጀመር።